አንዱን ስም ስናርም ሌላው እንዳይጠፋ፦ በኮምፒዩተር ፋይሎች ውስጥ ቃል ፈልጎ ስለ መተካት



በኔታንያ ከተማ በራማት የዲዲም ሰፈር ከማህበረሰባችን ቤተሰቦች ጋር ስንሰራ ሁልጊዜ የሚገጥመን አንድ ችግር አለ። ችግሩ የስም ዝርዝር ነው። የበጋው ካይታና ዝርዝር፣ የወላጆች ስብሰባ ዝርዝር፣ የአረጋውያን ክበብ ዝርዝር። አንዲት ሴት በአንዱ ላይ ፀሐይ፣ በሌላው ላይ ጸሀይ፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ጸሃይ ተብላ ትጻፋለች። እኛ ስናነበው አንድ ሰው መሆኗን እናውቃለን። ኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው ይላል። በዚህ ምክንያት አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ይደወልላታል፣ ሌላዋ ደግሞ አንድም ጊዜ ሳይደወልላት የልጇ ምዝገባ ያልፋታል።

ይህን የመሰለ ዝርዝር በእጅ አንድ በአንድ ማረም ቀናት ይፈጃል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ፣ ገንዘብ የማይከፈልባቸውና ከብዙዎቻችን ዕድሜ የሚበልጡ ሁለት መሣሪያዎች አሉ። አንዱ ግሬፕ ይባላል፣ ሌላው ሴድ። ግሬፕ ይፈልጋል፣ ሴድ ፈልጎ ይተካል። ዛሬ ስለ እነርሱ እንጽፋለን፤ በተለይም በአማርኛ ስንሠራባቸው ስለሚያመጡት ጣጣ። እኛ ራሳችን አንድ ጊዜ በደንብ ተሳስተናል፣ እርሱንም አንደብቅም። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ የምናነሳቸው ስሞችም የባለቤቶቹ እውነተኛ ስሞች አይደሉም።)

መሣሪያው ምንድን ነው?

ሁለቱም የተወለዱት በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ በሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ ነው። ግሬፕን በ1973 የሠራው ኬን ቶምፕሰን ሲሆን ሴድን ደግሞ በ1973 እና በ1974 መካከል ሊ ማክማሆን ሠራው። በዚያን ጊዜ ማውዝ ነክቶ የሚከፈት መስኮት የተለመደ አልነበረም። ሰው በጽሑፍ ያዛል፣ ኮምፒዩተሩም በጽሑፍ ይመልሳል። እስከ ዛሬም የሚሠሩት በዚያው መንገድ፣ ተርሚናል በሚባለው ጥቁር መስኮት ውስጥ ነው። በሊኑክስና በማክ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳይጫኑ ይገኛሉ። ዊንዶውስ ላለው ሰው ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ ማስኬድ ስለሚቻል በዚያ በኩል ያገኛቸዋል። በሰፈራችን በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚማር ልጅ ያለው ቤተሰብ ልጁን ቢጠይቅ በአንድ ምሽት ያዘጋጅለታል።

የሴድ ትዕዛዝ አጭር ናት። መጀመሪያ ኤስ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ ያዘመመ መስመር፣ የሚፈለገው ቃል፣ እንደገና መስመር፣ በቦታው የሚገባው ቃል፣ መስመር፣ በመጨረሻም ጂ የምትባለው ፊደል ትጻፋለች። እዚህ ሁሉንም በፊደላችን እንጽፈዋለን፤ እናንተ ኤስንና ጂን በእንግሊዝኛ ትጽፏቸዋላችሁ።

ሴድ 'ኤስ/፡፡/።/ጂ' ጽሑፍ

ይህ ትዕዛዝ «ጽሑፍ» የሚባለውን ፋይል አንብብና ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደርድሮ ባገኘህበት ቦታ ሁሉ እውነተኛውን አራት ነጥብ አስገባ ማለት ነው። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ለኮምፒዩተሩ ግን አንዱ አንድ ምልክት፣ ሌላው ሁለት ምልክት ነው። ለመለማመድ በዚህ ጀምሩ፤ የማንንም ስም አይነካም። ጂ የምትለዋን ፊደል ብትረሱ ሴድ በእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያውን ብቻ ይለውጥና ሌሎቹን ይተዋቸዋል። ግማሹ ታርሞ ግማሹ ሳይታረም የቀረ ፋይል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንደዚህ ሲታዘዝ ሴድ ፋይሉን አይነካውም። የታረመውን ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ብቻ ያሳያል። ይህ ትልቅ ደግነት ነው። አይቶ ደስ ያለው ሰው «ሰረዝ አይ» የሚለውን ቅጥያ ጨምሮ በፋይሉ ላይ እንዲጽፍ ያዘዋል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን፦ ሰረዝ አይን ብቻዋን አትጻፏት። «ሰረዝ አይ ነጥብ ቢ ኤ ኬ» ብላችሁ ሳትለያዩ ጻፉ። ያን ጊዜ ሴድ የድሮውን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጦ አዲሱን ይጽፋል። በሊኑክስም በማክም እኩል ይሠራል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ የሴድን ውጤት በቀስት ምልክት ወደዚያው ወደ ተነበበው ፋይል መመለስ ነው። ተርሚናሉ ገና ሳይነበብ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ምት ሲጠፋ አይተናል።

የኛ ፊደልና የኛ ጣጣ

ስለ ሴድ የተጻፉት ትምህርቶች ሁሉ ማለት ይቻላል የላቲንን ፊደል አስበው የተጻፉ ናቸው። በአማርኛ ሲሠራ ግን ሦስት ነገሮች ይለያሉ።

አንደኛው አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። በንግግር አማርኛ አይለያዩም። በዚያ ላይ ሀ እና ሃ አንድ ሆነው ይነበባሉ። ስለዚህ ፀሐይ የሚለውን ስም በትንሹ በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ፣ ለሁለተኛው 6 ምርጫ አለ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመፈለግ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ምርጫዎቹን መደርደር ይበቃል፦

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

ይህን ለግሬፕ ብትሰጡት 12ቱንም ያወጣል። ይህ እንዲሠራ ግን ተርሚናሉ በዩቲኤፍ 8 የሚሠራ መሆን አለበት። ምክንያቱም በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የሚቀመጠው በሦስት ባይት ነው። ተርሚናሉ ይህን ካላወቀ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ፊደል ሰባብሮ ያየዋል፣ ውጤቱም የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ታዲያ ለምን ሁሉንም ሐ ወደ ሀ፣ ሁሉንም ሠ ወደ ሰ ለውጠን አንገላገልም? ይህ ጥያቄ ከወጣቶች ብዙ ጊዜ ይመጣል። ሴድ ለዚህም ዋይ የምትባል ትዕዛዝ አለችው፤ ፊደልን በፊደል ትለውጣለች፦

ዋይ/ሐሑሒሓሔሕሖ/ሀሁሂሃሄህሆ/

ከሐ ጀምሮ ሰባቱን ወደ ሰባቱ ትመልሳለች። እኛም እንጠቀምባታለን፤ ግን በቅጂ ላይ ብቻ። ለመፈለጊያ የሚሆን አንድ ቅጂ እንሠራና በእርሱ ላይ ፊደላቱን አንድ እናደርጋለን። ዋናውን አንነካውም። ምክንያቱም መሐሪ ብሎ የጻፈ አባት ምሕረትን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ በግዕዝ መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ ደግሞ አስተማረ ማለት ነው። ከትግራይ የመጡ ቤተሰቦቻችን ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ እስከ ዛሬ በድምፅ ይለያሉ። በአማርኛ ተናጋሪ ወጣት የተጻፈ ትዕዛዝ የትግርኛን ስም «ሲያርም» ስሙን ያበላሸዋል። ይህ የፊደል ጭቅጭቅ አይደለም፣ የሰው ስም ነው።

ሁለተኛው በቃሉ ራስ ላይ የሚጣበቀው ነው። በእንግሊዝኛ «ለ» የሚለው ቃል ለብቻው ይቆማል። በእኛ ለአለም፣ የአለም፣ በአለም፣ ከአለም ይባላል። ዕብራይስጥ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፣ እዚያም ላሜድና ቤት ከቃሉ ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ ብሎ ማዘዝ በአማርኛ አያዋጣም። የአለም ውስጥ ያለውን አለም አያገኘውም። [የለበከ]አለም ብሎ ማዘዝ አራቱን ያገኛል። አንዳንዱ ደግሞ ያለም፣ ላለም ብሎ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ አ ራሷ ጠፍታለች፣ ለብቻዋ መፈለግ ነው።

ሦስተኛው በመጨረሻው ፊደል ላይ የሚሆነው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አለም የሚለው ስም አለሙ በሚለው ስም ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገኛል፣ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ብቻ ተጨምሯል። በእኛ ፊደል ግን ም እና ሙ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አለም ብሎ የፈለገ አለሙን አያገኝም። ቤት ብሎ የፈለገ ቤቱንና ቤቴን አያገኝም። ይህ አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ ያታልላል። እኛን ያታለለን በዚህ ነው።

ያበላሸነው ዝርዝር

በሱዳን በረሃና በመጠለያዎቹ፣ በገዳሪፍ አካባቢና በኡም ራኩባ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ የሞቱት የማህበረሰባችን ሰዎች ወደ 4000 እንደሚሆኑ ይገመታል። በሄርዝል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልታቸው በ2007 ቆሟል፣ መታሰቢያቸውም በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይደረጋል። በየቤቱ ግን ገና ያልተጻፉ ስሞች አሉ። እኛም በሥራችን መካከል ከሰፈሩ አረጋውያን የሰማናቸውን ወደ 300 የሚጠጉ ስሞች ሰብስበን ነበር። ሽማግሌዎች ይናገራሉ፣ እዚህ የተወለዱ ወጣቶች በኮምፒዩተር ይጽፋሉ። ወጣቶቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደሉን የተማሩት በቅርቡ ነው።

ዝርዝሩ ሲያልቅ አንድ ስህተት ታየን። ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ የሆኑ ሰዎች የአያታቸው ስም አለሙ ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ አለም ተብሎ ተጽፏል። አንድ ትዕዛዝ ይበቃል አልን። አለምን ፈልግ፣ አለሙን ተካ፣ በሁሉም ፋይል። ቅጂ አላስቀመጥንም። በጥቁሩ መስኮት ላይ ምንም አልታየም። ሴድ ሲሳካለትም ሲያበላሽም ዝም ነው የሚለው። እኛም ሥራው አለቀ ብለን ዘጋነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሞቹ ለአረጋውያኑ ሲነበቡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እኔ የነገርኩሽ እህቴን አለምን ነው። አለሙ የምትይው ወንድ ማነው?» አሉ። ያነበበችው ልጅ ወረቀቱን ደግማ አየች። «እማማ፣ እዚህ የተጻፈው እንደዚህ ነው» አለች። «እንግዲህ የተጻፈው ተሳስቷል» አሉ እማማ።

ወደ ፋይሉ ተመልሰን ስናይ አለምነሽ የነበረችው አለሙነሽ ሆናለች። አለምፀሐይ አለሙፀሐይ ሆናለች። አለምሰገድም አለሙሰገድ ሆኗል። እነዚህ ቢያንስ ዓይን ይወጋሉ፣ እንዲህ ያለ ስም የለምና መልሰን ማረም ቻልን። ችግሩ አለም ብቻ ተብለው የተጠሩት ሴቶች ነበሩ። እነርሱ አለሙ ሆነዋል። ከእውነተኞቹ አለሙዎች ጋር ተደባልቀዋል። አለሙን ፈልገህ አለምን ተካ ብንል ደግሞ ወንዶቹ ሁሉ ሴት ይሆናሉ። ሴድ ማን ማን እንደነበረ አያስታውስም።

የዳነው በእጅ ጽሑፍ ነው። አንዱ ወጣት ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ በደብተር ይዞ ስለነበረ ደብተሩን ይዘን ቤት ለቤት ሄድን። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሁለት ስሞች ላይ የነገሩን ሰው እኛ ከመድረሳችን በፊት አርፈው ስለነበር ለልጆቻቸው ጠየቅን። አንዱን አወቁት። ሌላው እስከ ዛሬ በዝርዝሩ ላይ «አለም ወይም አለሙ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

ምን ማድረግ ነበረብን? መጀመሪያ በግሬፕ መፈለግ ነበረብን። ግሬፕ በ«ሰረዝ ኤን» ሲታዘዝ አለም ያለበትን መስመር ሁሉ ከነቁጥሩ ይደረድራል። ያን ብናነብ አለምነሽን በሁለት ደቂቃ ውስጥ እናይ ነበር። ቀጥሎም የአያት ስም ያለበትን ዓምድ ብቻ መለወጥ ነበረብን። ዝርዝሩ በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ከሆነና የአያት ስም በመስመሩ መጨረሻ ከሆነ በቃሉ ፊት ነጠላ ሰረዝ፣ ከኋላው የዶላር ምልክት ማድረግ ነው፦

ኤስ/,አለም$/,አለሙ/

የዶላር ምልክቷ የመስመሩ መጨረሻ ማለት ናት። እንደዚህ ሲታዘዝ በመካከል ያለችውን አለምን አይነካትም፣ አለምነሽንም አይነካትም። ከዚያ በኋላ ዲፍ የሚባለውን ሌላ መሣሪያ በአሮጌውና በአዲሱ ፋይል ላይ ማስኬድ። ዲፍ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ ያወጣል። ያን አትሞ ስሞቹን ለሚያውቅ ሰው ማስነበብ ነው። ፋይሉ ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነ በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ አንድ ምልክት ስለሚኖር የዶላር ምልክቷ ላትሠራ ትችላለች፤ ልጆቹ ይህን ያውቁታል፣ በሴድ ማጥፋት ይቻላል።

የቤተሰብ ስም ለምን አይገናኝም

አንዳንድ ወላጆች የወንድሜ ልጅ ስም ከኔ ልጅ ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ለምን አይወጣም ብለው ይጠይቁናል። መልሱ ከኮምፒዩተሩ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። እዚህ የቤተሰብ ስም የሚባል ያስፈልጋል። በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ የገባ ወንድም በአያቱ ስም ተመዝግቦ፣ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡት 14,325 ሰዎች ጋር የገባው ታናሹ በአባቱ ስም የተመዘገበበት ቤተሰብ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ለብዙ ልጆች የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። እንግዲህ ያም ፈልጎ መተካት ነበር፣ ያውም ቅጂ ሳይቀመጥ። ዕብራይስጡ ደግሞ አናባቢ ስለማይጽፍ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ በሁለትና በሦስት ዓይነት ይነበባል።

ስለዚህ የሰዎችን ዝርዝር የምታገናኙ ከሆነ በስም አታገናኙ። በቴውዳት ዜሁት ቁጥር አገናኙ። ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ ሐ እና ሀ የለውም። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ተዉት። ደግሞም በእኛ ፋይል ላይ የታረመ ስም በሚስራድ ሃፕኒም መዝገብ ላይ አይታረምም። ስሙን በሕግ መለወጥ ወይም ወደ ቀድሞው መመለስ የሚፈልግ ሰው በ1956 በወጣው የስሞች ሕግ መሠረት እዚያው ሄዶ ማመልከት አለበት።

ቁጥር ያለበት ዝርዝር ግን አደራ ነው። የግል ሕይወትን የሚጠብቅ ሕግ በዚህ አገር ከ1981 ጀምሮ አለ። ቃል እንቀይርልሃለን ወደሚሉ የኢንተርኔት ገጾች የቤተሰቦችን ዝርዝር የሚልክ ሰው ስሙንና ቁጥሩን ለማያውቀው ሰጠ ማለት ነው። ሴድንና ግሬፕን የምንወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢንተርኔቱን ነቅላችሁም ይሠራሉ፣ ፋይሉ ከቤት አይወጣም።

በመጨረሻ፣ አሮጌ ፋይል ላላቸው። ሴድ ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያነበው። የዎርድ ፋይል የታሸገ ስለሆነ አያነበውም፣ መጀመሪያ ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ አለበት። ከኤክሴል ሲወጣ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምርጫ ውሰዱ፤ አለበለዚያ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ካላችሁ በውስጡ ያለው በእውነቱ የላቲን ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚመስለው በፎንቱ ምክንያት ብቻ ነው። ግሬፕ አለምን ቢፈልግበት አያገኝም። እንዲህ ያለ ፋይል ያላችሁ የድሮውን ፎንት ሳታጠፉ መጀመሪያ በወረቀት አትሙት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ ማዞሩን ከልጆቹ ጋር መሞከር ይቻላል።